የሙሴ ኢልግ አጭር የሕይወት ታሪክና ለእድራችን የሚሆን ትምህርት

በዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ፣ ከላይኛው መንገድ ጀምሮ እስከ ወንዙ የሚወርደውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ እንጨርሰው ወይስ እንተወው የሚለው መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚህ ነገር አባሎች በሁለት ተከፍለው በለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ሳይቀር ሲከራከሩ ሰንብተዋል። እኛም ክርክሩን ከማባባስ ይልቅ፣ በዘመኑ ታላላቅ ሥራዎችን ለአገራችን የጀመረ አንድ የሩቅ አገር ሰው እንዴት እንደሠራ፣ የት ላይ እንደተሳካለትና የት ላይ እንደተደናቀፈ ብንጽፍ ይጠቅማል ብለን አሰብን። ሰውየው ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሙሴ ኢልግ በመጋቢት ወር 1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ስዊስ ባሕር የሌላት ተራራማ አገር ናት፤ ድልድይ መሥራት፣ ሐዲድ በገደል ላይ ማሳለፍ፣ ውሃን ከተራራ ማውረድ ለአገሬው ሰው የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ኢልግም በዙሪክ ከተማ በሚገኘው ታላቅ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው የመሐንዲስነት ሙያ ተማሩ።

በዚያን ጊዜ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። የፈረንጅ ጥበብ ወደ አገራቸው እንዲገባ አጥብቀው ይፈልጉ ስለነበር፣ በኤደን ወደብ በነበሩ የስዊስ ነጋዴዎች አማካይነት ባለሙያ እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ስዊስ ቅኝ ግዛት የሌላት ትንሽ አገር መሆኗም ሳይታሰብበት የቀረ አይመስለንም። ኢልግ ገና ወጣት ሳሉ በ1870 ዓ.ም. ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር ተነሥተው በባሕርና በበረሃ ብዙ ተንገላተው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ።

መጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ ግን ድልድይ ወይም ባቡር አልነበረም። እንደሚነገረው ንጉሡ በቅድሚያ ያዘዟቸው ጫማ እንዲሰፉ ነው። መሐንዲስ ሆኖ ጫማ መስፋት ለሌላ ሰው እንደ ውርደት በተቆጠረ ነበር፤ እሳቸው ግን ሠርተው አቀረቡ። ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠሩ ተጠየቁ፤ የእኔ ሙያ አይደለም ቢሉም ስላልተለቀቁ እሱንም ሞክረው አበጁ ይባላል። ታሪኩ በመጠኑ የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ ቁም ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ንጉሡ ትልቁን ነገር ከመስጠታቸው በፊት ሰውየውን በትንሹ ፈተኑት። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተገላቢጦሹን ነው፤ አይተነው ለማናውቀው ሰው ትልቁን ሥራ ሰጥተን በኋላ በትንሹ እንጣላለን።

ከዚያ በኋላ ሥራው እየሰፋ ሄደ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ፤ ወደ ጠረፍ የሚወርደውና ከጠረፍ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ይቸገር ስለነበር የድልድዩ ጥቅም ለሁሉም የሚታይ ነበር። ምኒልክ ዐፄ ከተባሉ በኋላም በውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ ጠብ ሲነሣ፣ ኢልግ ለአውሮፓ መንግሥታት በሚላከው የደብዳቤ ሥራ ንጉሠ ነገሥቱን አገልግለዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተቀረጸው ገንዘብና የመጀመሪያው ቴምብር በፓሪስ ሲሠሩም በጉዳዩ የእሳቸው እጅ አለበት። በመጨረሻም የመንግሥት አማካሪ የሚል ከፍ ያለ ማዕርግ ተሰጣቸው።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ሕዝቡን ያስደነቀው ግን የውሃው ነገር ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት ያለፏት ሲሆን፣ ውሃ የሚገኘው ከምንጭና ከወንዝ በእንስራ ተቀድቶ በሰው ጀርባ ነበር። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ጥግ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ እንዲወርድ አደረጉ። ግቢው በኮረብታ ላይ ነው፤ በመካከል ዝቅተኛ ቦታ አለ፤ ውሃው ወርዶ እንደገና ሽቅብ መውጣት አለበት። ይህ ለሰሚው ሁሉ የማይሆን ነገር ነበር። ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ እንደማይሄድ ሕፃን እንኳ ያውቃል ተብሎ ብዙ ሰው ሳቀ።

ምሥጢሩ እንዲህ ነው። ውሃው በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ሲወርድ ከኋላው ያለው ውሃ በክብደቱ ይገፋዋል። ስለዚህ መድረሻው ከምንጩ ከፍታ በታች እስከሆነ ድረስ፣ በመካከል ሸለቆ ቢኖርም ውሃው በሌላው ወገን ይወጣል። ሽቅብ የሚሄድ ይመስላል እንጂ ጠቅላላ ጉዞው ቁልቁል ነው። ታዲያ ውሃው በግቢው ውስጥ ሲፈስ በታየ ጊዜ የሳቁት ሁሉ ተገረሙ፤ ግጥምም ተገጠመለት። ኢልግ ለመከራከር ብዙ ጊዜ ማጥፋት አላስፈለጋቸውም፤ ውሃው ራሱ መሰከረላቸው። ዛሬ በየቤታችን ቧንቧ ከፍተን ውሃ ስንቀዳ፣ ውሃው በጠፋ ቀን ደግሞ ጀሪካን ይዘን ስንሰለፍ፣ የዚህ ነገር መነሻ ያ መሆኑን ብናስታውስ ደግ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ እንምጣ፤ እሱም ምድር ባቡር ነው። ይህን ሐሳብ ኢልግ ለብዙ ዓመታት ሲያመላልሱት ኖረዋል። በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለኢልግ የባቡር መሥሪያ ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ለ99 ዓመት የሚቆይ ሲሆን፣ መንገዱ በሦስት የተከፈለ ነበር። መጀመሪያ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ነው። ኩባንያው በሐዲዱ መስመር የቴሌግራፍ ሽቦ እንዲዘረጋም በውሉ ተጽፏል። ኢልግ ሙሴ ሸፍኖ ከሚባሉ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ሆነው በ1888 ዓ.ም. ኩባንያ አቋቋሙ። በጥቅምት 1890 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ሥራ ተጀመረ።

እንግዲህ ችግሩም ከዚያው ተጀመረ። በረሃው ሙቀት የበዛበት፣ ውሃ የሌለበት፣ ገደልና ደረቅ ወንዝ የሞላበት በመሆኑ ትላልቅ የብረት ድልድዮች ያስፈልጉ ነበር። የመጀመሪያውን አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ለማለፍ ብቻ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጀ።

ከሙቀቱና ከገደሉ የከፋው ግን የአገሬው ሰው ተቃውሞ ነው። መንገዱ የሚያልፈው በኢሳና በአፋር ምድር ነው። የእነዚህ ሰዎች አንዱ መተዳደሪያ ለሲራራ ነጋዴ ግመል ማከራየት፣ መንገድ መምራትና ማሳለፍ ነበር። ባቡር መጣ ማለት ግመሉ ሥራ አጣ ማለት ነው። ውሉ ሲፈረም እነሱ አልተጠየቁም፤ በአዲስ አበባና በፓሪስ መካከል ያለቀ ነገር አንድ ቀን ከደጃቸው ደረሰ። በዚህም ምክንያት ጥቃት ደረሰ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ሥራው ተስተጓጎለ። እንዲህ ስንል የሰው ደም ማፍሰስን ደግ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በሰው ደጅ የሚያልፍ ሥራ ባለደጁን ሳይጠይቅ ከተጀመረ፣ የተረፈ የመሰለው ጊዜ በኋላ በእጥፍ እንደሚከፈል ይህ ታሪክ ያስተምራል።

ሁለተኛው እንቅፋት የሐረር ነገር ነው። በውሉ ላይ ባቡሩ ሐረር እንደሚገባ ተጽፎ ነበር። ሐረር ግን በተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ እንዲቀር ተወሰነ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከዚያ ሲደርስ አዲስ ሐረር የተባለች ከተማ ተቆረቆረች፤ እሷም የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። ውሳኔው በሙያ ረገድ ትክክል ነበር እንላለን። ሆኖም ባቡር ይመጣልናል ብለው ይጠብቁ ለነበሩት ለሐረር ሰዎች ከባድ ነገር ሆነ፤ ንግዱም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ቦታው በደንብ ሳይለካ ቃል መግባት በኋላ ሰውን ያስቀይማል።

ሦስተኛውና ሥራውን ሊገድለው የደረሰው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ኩባንያው ሥራውን የጀመረው እስከ መጨረሻው የሚያደርስ ገንዘብ ሳይኖረው ነው። በፈረንሳይ አገር አክሲዮን የሚገዛ ሰው እንደታሰበው አልተገኘም። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ ባለገንዘቦች ገቡበት። ይህ ደግሞ ፈረንሳዮችን አስደነገጠ፤ በጅቡቲ የሚያልፍ ባቡር በእንግሊዝ እጅ ሊወድቅ ነው ተባለ። ስለዚህ በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ለኩባንያው ሊሰጥ ተዋዋለ፤ በምላሹም በኩባንያው ላይ ሥልጣን አገኘ።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ። እሳቸው ፈቃድ የሰጡት ለንግድ ኩባንያ እንጂ ለባዕድ መንግሥት አልነበረም፤ ውሉ ሲደረግም አልተጠየቁም። በአድዋ ደም የተከፈለበት ነፃነት በሐዲድ በኩል እንዳይሸረሸር ፈሩ፤ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነበር። ስለዚህ ከድሬዳዋ ወደዚህ ሐዲዱ እንዳይቀጥል ከለከሉ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ደግሞ ስለ ባቡሩና ስለ አገራችን በራሳቸው መካከል ሲደራደሩ ቆይተው በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ስምምነት ተፈራረሙ። ኩባንያው ግን ዕዳው ስለበዛበት በዚያው ዓመት ፈረሰ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለሰባት ዓመት ያህል ቆሞ ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ ሙሴ ኢልግ አንድ ነገር ሳንሸሽግ መጻፍ አለብን፤ የሕይወት ታሪክ ማለት ውዳሴ ብቻ አይደለምና። ኢልግ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ነበሩ፤ በሌላ በኩል ደግሞ የባቡሩ ፈቃድ ባለቤትና የኩባንያው መሥራች ነበሩ። አማካሪው ለመንግሥት የሚበጀውን መምከር አለበት፤ የኩባንያው ሰው ደግሞ ለኩባንያው የሚበጀውን ይሻል። ሁለቱ ሲጋጩ አንድ ሰው በሁለት ወንበር ሊቀመጥ አይችልም። ሰርቀዋል አላልንም፤ እንዲህ የሚያሰኝ ነገር አላየንም። ነገር ግን ዳኛውም ባለጉዳዩም አንድ ሰው ከሆነ፣ ሰውየው ቅን ቢሆን እንኳ መታማቱ አይቀርም። እሳቸውም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የነበራቸው መተማመን እየቀዘቀዘ ሄዶ፣ ሥራቸውን በ1899 ዓ.ም. ለቀው በአገራቸው ተቀመጡ። ሃያ ስምንት ዓመት ያህል ያገለገሉበትን አገር የተሰናበቱት በዚህ ሁኔታ ነው።

ከዚያም በጥር 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታሊየን አዲስ ፈቃድ ሰጡ፤ አዲስ ኩባንያም ተቋቋመ፤ ሥራው እንደገና ተነሣ። ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ እየገሰገሰ መጣ። ዐፄ ምኒልክ ግን ለረጅም ጊዜ ታመው ከቆዩ በኋላ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሙሴ ኢልግም በዙሪክ ከተማ ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ስለነበረ ገና የዋለው በ28 ነው፤ ስለዚህ እሳቸው የሞቱት እኛ ገናን ስናከብር ነበር ማለት ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከፈቃዱ እስከ ፍጻሜው 23 ዓመት ፈጀ፤ የሐዲዱም ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ፈቃድ ሰጪውም ፈቃድ ተቀባዩም የባቡሩን ፉጨት አዲስ አበባ ላይ አልሰሙም። ከፋና ነጭ ዓባይ ይደርሳል የተባለው ሦስተኛው ክፍልም በወረቀት ቀረ።

ሆኖም ሥራው ከሠሪዎቹ በላይ ኖረ። ያ ባቡር ለብዙ አሥርት ዓመታት ቡናና ቆዳ ወደ ውጭ፣ ጨርቅና ማሽን ወደ ውስጥ ሲያመላልስ ኖሯል። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሐር ጣቢያም የከተማችን ምልክት ሆኖ ቆይቷል። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡርም መድረሻው ያው የጅቡቲ ወደብ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ያንኑ ቦይ ለማሠራት ከየቤቱ ገንዘብ ስናዋጣ፣ በጊዜው የእድሩ ጸሐፊ እኛ ነበርን። ደረሰኙን የቆረጥነው፣ ከተቋራጩም ጋር ውሉን በእጃችን የጻፍነው እኛ ነን። በውሉ ላይ ጠቅላላውን ዋጋ ጻፍን እንጂ፣ ምን ያህል ሲሠራ ምን ያህል እንደሚከፈል አልጻፍንም። ሰውየውን ቀድሞ በትንሽ ሥራ አልፈተንነውም። ከግማሽ በላይ ገንዘብ በቅድሚያ ወሰደ፤ ግማሹን ቦይ ቆፍሮ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም።

ከዚያ የባሰው ደግሞ የታችኛውን ሰፈር ሰዎች አለመጠየቃችን ነው። ቦዩ በእኛ በኩል ጎርፉን ሰብስቦ በእነሱ ደጅ ሊለቀው እንደሆነ ሲያዩ፣ በትክክል ተቃወሙ። ክረምቱ ሲገባ ባልተጨረሰው ቦይ የወረደው ውሃ አንዲት ባልቴት ቤት ገብቶ ግድግዳቸውን ጣለው። እሳቸውም የእድራችን አባል ነበሩ፤ ለራሳቸው ጥፋት ገንዘብ ያዋጡ ሆነው ተገኙ። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ስንቀብራቸው ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ እኛ ነበርን። ያን ቀን የተሰማንን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ጥፋቱ የተቋራጩ ብቻ ነው እያልን ብዙ ጊዜ ኖረናል፤ የሙሴ ኢልግን ታሪክ ስናነብ ግን የራሳችንንም ድርሻ አየነው። ጸሐፊ ማለት ብዕር ያዥ ብቻ አይደለም፤ በውል ላይ የጎደለ መስመር በኋላ የሰው ግድግዳ ያፈርሳል።

ስለዚህ ጉባኤው ቦዩን እንጨርስ ብሎ ቢወስን እኛ ደጋፊ ነን፤ ተጀምሮ የቀረ ቦይ ካልተጀመረ ይብሳልና። ሆኖም አምስት ነገሮች እንዲታሰቡ እንለምናለን።

አንደኛ፣ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ከታችኛው ሰፈር እድር ጋር ተቀምጠን እንነጋገር፤ ውሃው በማን ደጅ እንደሚወጣ አብረን እንወስን።

ሁለተኛ፣ ቀያሽ መጥቶ የመሬቱን መውረድና መውጣት ይለካ፤ ውሃ ቃላችንን ሳይሆን ከፍታውን ነው የሚሰማው።

ሦስተኛ፣ ለሥራው በሙሉ የሚበቃ ገንዘብ ሳይያዝ አንድ ዶማ እንዳይነሣ። ከውጭ ረዳት ቢገኝም ምስጋናችን እንደተጠበቀ፣ በምላሹ ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይጠየቅ።

አራተኛ፣ ክፍያው በተሠራው ልክ ይሁን፤ መጀመሪያ ሃያ ሜትር ያህል ተሠርቶ ይታይ።

አምስተኛ፣ ከኮሚቴው አባሎች መካከል ሥራውን ራሱ ወይም ዘመዱ ሊይዘው የሚፈልግ ቢኖር ከኮሚቴው ይውጣ። ይህን የምንለው ማንንም ለማማት ሳይሆን ሰውን ከሐሜት ለማዳን ነው።

ምናልባት ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ዕድሜያችን የገፋ ስለሆነ፣ ቦዩ ተጠናቆ ጎርፉ በሰላም ሲወርድ አናየው ይሆናል። ይህ ግን ላለመጀመር ምክንያት አይሆንም። እድር ራሱ ምን ሆነና? በየወሩ የምንከፍለው ገንዘብ የሚበዛው እኛ በማናየው ቀን ለሚሆን ነገር አይደለም እንዴ? ሰው ለማያየው ቀን ማዋጣት ከለመደ፣ ለማያየው ቦይ ማዋጣት አይከብደውም።

ፈጣሪ ያለፉትን ነፍሳቸውን ይማር፤ ያለነውንም በሰላም ከዘመን ዘመን ያሸጋግረን።

ከእድሩ የቀድሞ ጸሐፊ